የእትዬ ውባለም ጥያቄ

እትዬ ውባለም ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ትርንጎ ናት። እኔ ጎንደር ሥራ ላይ ነበርሁ። «እማዬ አረፈች» አለችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኋት። ከዚያ ልጠይቃት ያሰብሁትን ሁሉ ሳልጠይቃት በቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ ሕመሙ የልብ እንደ ነበረ፣ ብዙ እንዳልተሠቃዩ፣ ቀብሩ በዚያው ዕለት መተማ ዮሐንስ እንደሚፈጸም፣ መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ለመውረድ እንዳልሞክር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጀመርሁትን ምርመራ ጨረስሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ግን እሳቸውን ከማሰብ አልተላቀቅሁም።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት የኖርሁት በእትዬ ውባለም ግቢ በተከራየሁት ክፍል ነው። ግቢያቸው ወደ ሱዳኗ ገላባት ከሚያሻግረው መንገድ ብዙም አይርቅም። ከግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ፉል ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ ሦስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ቤት ነው። ፉሉ በአንገተ ጠባብ ትልቅ ድስት ሲንተከተክ ያድራል፤ ጠዋት በየሳህኑ ይቀዳል፤ በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይደቆሳል፤ ከላይ የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። ተመጋቢዎቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ድንበሩን በእግር የሚሻገሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ሱዳኖቹ «ኻላ» ይሏቸዋል፤ የእናት እኅት ማለት ነው። የእኛዎቹም ያንኑ ለመዱት።

አንድ ሾፌር ሳህኑን ዘንበል አድርጎ እያሳየ «ኻላ፣ ሰሊጥ አገር ተቀምጠው ዘይት ይቆጥቡብናል?» ቢላቸው፣ «ሰሊጡ የኔ ቢሆን ኖሮ አንተን ሳገለግል አታገኘኝም ነበር» አሉት፤ ዘይቱን ግን ጨመሩለት። አነጋገራቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ይነክሳሉ፤ ቀጥለው ይሰጣሉ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ላቦራቶሪ» ይሉኝ ነበር። «ላቦራቶሪ፣ ዛሬ ስንት ሰው ወጋሽ?» እኔ ወሬ አላበዛም፤ እሳቸውም ስለዚህ አልወቀሱኝም። ከባድ ነገር ለመናገር ሲነሡ እጃቸውን በሽርጣቸው ያደርቃሉ። እጃቸው ደረቅም ቢሆን ያደርቁታል። እኔ ያንን ምልክት ለይቼ ነበር።

በኋለኞቹ ዓመታት በከተማው የታወቁት ግን በአንድ ጥያቄ ነው። ልጅ ይዛ የመጣች እናት ፉል ስታዝዝ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ ያቆሙና «የእናትሽ ወንድሞች ባቄላ ይስማማቸዋል?» ይላሉ። የማታውቃቸው ሴት ግራ ትጋባለች። አንዷ «እኔ የፈለግሁ ፉል፤ ዘር ማንዘሬን ምን አደረጉት?» ስትላቸው ሰምቻለሁ። «ፉሉ የትም አይሄድም፤ አንቺ መልሽልኝ» አሏት። ሾፌሮቹ ደግሞ «ጉምሩክ እንኳ ይህን ያህል አይፈትሸንም» እያሉ ይሥቁ ነበር። ጥያቄው እንዴት እንደ ተጀመረ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ስለሆንሁ ልጽፈው እወዳለሁ።

እትዬ ውባለም ፉል ሻጭ ሆነው ሳለ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ፉል አይቀምሱም ነበር። ሁለቱም አድገው ከከተማው ወጥተዋል፤ ለበዓል ሲመጡ እናታቸው ለብቻቸው ምስር ይሠሩላቸዋል። እኔ በልጅነታቸው ስለ ጠገቡት ሰልችቷቸው ነው ብዬ አስብ ነበር። ምክንያቱን የሰማሁት የትርንጎ ልጅ በታመመ ጊዜ ነው።

ትርንጎ ያገባችው ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለችው ኮኪት ነው። ባሏ ደረጀ ከእናቱ ከወይዘሮ አስረበብ ጋር ማሽላና ሰሊጥ ያርሳል። በዚያ ዓመት በነቢያት ጾም፣ የገብርኤል ክብረ በዓል ሲቃረብ፣ የአራት ዓመት ልጇን ኪሩቤልን ይዛ እናቷ ዘንድ ሰነበተች። ልጁ ፉል ቤቷን ወደዳት። ጠዋት ጠዋት የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አያቱ ያጎርሱታል፤ ሾፌሮቹ «አለቃ» እያሉ ይጠሩታል። ጥቂት ቀናት እንዲህ ከቆየ በኋላ አንድ ጠዋት ከመኝታው አልነሣም አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ትርንጎ ሽንቱን በብልቃጥ ይዛ ወደ ክፍሌ መጣች። ቀለሙ ገበያ ላይ እንደሚሸጠው የከርከዴ ውኃ ጥቁር ቀይ ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ወባ ነው አለች፤ ሌላዋ የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል የሚያጠጣ ሰው አውቃለሁ አለች። እትዬ ውባለም ሁለቱንም አልሰሙም። ልጁን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያው ቀደሙኝ።

የወባውን ምርመራ ራሴ አየሁት። ደግሜም አየሁት። ወባ የለበትም። የደሙ መጠን ግን በአንድ ትንሽ ልጅ ላይ ላየው ከማልፈልገው ልክ በታች ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ልጁ የወሰደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። ምንም አልወሰደም። ምን እንደ በላ ጠየቅሁ።

«ምን ይበላል፤ ፉል ነዋ» አሉ እትዬ ውባለም። «ጠዋት ጠዋት ከእጄ ነው የሚበላ።»

እኔና ሐኪሙ ተያየን። እሳቸውም መተያየታችንን አዩ።

«ፉሉ ነው እንዳትሉኝ» አሉ። «ፉል የማይስማማቸው ወንዶቹ ልጆቼ ናቸው። ታላቅየው በልጅነቱ በልቶ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ነበር። አማቴ ነፍሷን ይማርና፣ ከአባቱ አጥንት ነው፣ አባቱም ፉል አይወድም አለችኝ። እውነት ነው፤ ባሌ ሆዱን ይነፋው ስለ ነበር አይወድም። ከዚያ ወዲያ ወንዶቹን አላቀመስኋቸውም። ትርንጎ ግን ስትበላ ኖራ ምንም አልሆነች። ይህ ልጅ ደግሞ አጥንቱ የደረጀ ነው፤ ከባሌ ጋር ምን አገናኘው?»

ስሕተቱ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነበረ፤ የዚያን ሰዓት ግን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም። ደም የሚሰጠው ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ስለሆነ በአምቡላንስ ወሰድነው። ከመሄዳችን በፊት ናሙና ቀድቼ አስቀመጥሁ፤ የሌላ ሰው ደም ከተቀላቀለ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ደረጀ ከኮኪት በሞተር ብስክሌት ደረሰ፤ የደም ዓይነቱ ገጠመና ደሙን ሰጠ። በማግሥቱ ልጁ ብስኩት ጠየቀ። ናሙናውን ወደ ጎንደር ላክሁት፤ ውጤቱም የጠረጠርነውን አረጋገጠ፤ ደሙ ከልደቱ ጀምሮ ባቄላ የማይችል ነው።

ልጁ ዳነ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ወይዘሮ አስረበብ ሆስፒታል መጥተው የልጅ ልጃቸውን ክንድ በመርፌ ተወግቶ ባዩት ጊዜ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከማን እጅ በልቶ ነው?»

መልሱን ሲሰሙ ሌላ አልጠየቁም። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ጠቅልለው አቀፉትና ወደ ኮኪት ይዘውት ሄዱ። ትርንጎን «አንቺ እናትሽ ዘንድ ቆዪ፤ ነገሩ እስኪጣራ» አሏት። ደረጀ መሬት መሬት እያየ የመኪናውን በር ዘጋ። በከተማው የተወራው የታወቀ ነው፤ የአያቲቱ እጅ ደግ አይደለም፣ አንድ ነገር አድርጋበታለች ተባለ። ትርንጎ ልጇን ሳታይ ቀናት አለፉ። የፉል ቤቷን ሳህኖች ታጥባለች፤ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ እትዬ ውባለም ግቢው ውስጥ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ትርንጎም አጠገባቸው ነበረች።

«ላቦራቶሪ፣ ተቀመጭ» አሉኝ። «ሐኪሙ የስኳር ነገር ነው ብሎኝ አልገባኝም። አንቺ በኔ ቋንቋ ንገሪኝ።»

ይህን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቀመር ነው የተማርሁት። ባቄላ ለሚለቅም ሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ስኳር ሲባል ሻይ ውስጥ የሚገባውን ብቻ አያስቡ» አልኋቸው። «የበላነው ዳቦም እንጀራም ስኳር ሆኖ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ቀዩ የደም ሕዋስ ስኳሩን ሲቀበል አብዛኛውን በዋናው መንገድ ይሰደዋል፤ ከገንዳ ውሃ ወደዚህ እንደሚመጣው አስፋልት ማለት ነው። በዚያ የሄደው ጉልበት ይሆናል። ገና መንገዱ ሲጀመር ግን ወደ ጎን የሚታጠፍ ሌላ መንገድ አለ። በእሱ የሚሄደው ስኳር ጥቂት ነው።»

«ኮንትሮባንድ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሕጋዊ ነው፣ እትዬ።»

«በጎን የሚሄድ ሕጋዊ ዕቃ በዚህ አገር አላየሁም። እሽ፣ ቀጥይ።»

«የጎኑ መንገድ ሥራው ጉልበት መስጠት አይደለም፤ ደሙን መጠበቅ ነው። ቀዩ ሕዋስ ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚውል፣ ብረትን ዝገት እንደሚበላው እሱንም የሚበላው ነገር አለ። ያንን የሚከላከለው ነገር የሚሠራው በዚያ የጎን መንገድ ነው። ሌላው የሰውነታችን ክፍል ይህን መከላከያ የሚያገኝበት ሌላም ዘዴ አለው። ቀዩ ደም ግን ከዚያች መንገድ በቀር የለውም።»

«ታዲያ የኔ ልጆች መንገዷ የለቻቸውም?»

«አለቻቸው። መታጠፊያው ላይ ግን ኬላ አለ። ኬላውን የሚከፍት አንድ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ አለ፤ የእነሱ ሠራተኛ ደካማ ነው። በአዘቦት ቀን የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ድካሙ አይታወቅም። ባቄላ ሲበሉ ግን ባቄላው ውስጥ ያለው ነገር ደሙ ላይ እሳት እንደ መለኮስ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ መከላከያ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ሠራተኛው አይደርስም። ደሙ ይፈርሳል። ሽንቱን ያጠቆረው የፈረሰው ደም ነው።»

ትርንጎ «አሁንስ? ሁልጊዜ እንዲህ ሊሆንብኝ ነው?» አለች።

የሚጠነቀቁለትን አንድ በአንድ ነገርኋት። ባቄላ በማናቸውም መልኩ፤ ለወባ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ፕሪማኩዊን የሚባለው፤ ከሰልፋ ወገን የሆኑ አንዳንድ መድኃኒቶች፤ ልብስ ውስጥ የሚደረገው ናፍታሊን። ደገመችልኝ። ሳህን እያጠበች ለራሷ ስትደግመው ከዚያ በኋላም ሰምቻታለሁ።

እትዬ ውባለም ግን ገና አልጨረሱም ነበር። «ሐኪሙ ከአባት አይመጣም ያለኝስ?»

«ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ከአባቱ አይወርሰውም። እናቲቱ ራሷ ብዙውን ጊዜ አትታመምም፤ ሴት አንዱን ከእናቷ ሌላውን ከአባቷ ወርሳ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ስላላት አንዱ ደካማ ቢሆን ሌላው ይሸፍንላታል።»

«ትርንጎ ምንም ሳትሆን ሰጠችው።»

«አዎን።»

«እኔም ምንም ሳልሆን ሰጠኋት።»

«አዎን።»

ባቄላ መልቀማቸውን አቆሙ። «አማቴን ነፍሷን ይማር» አሉ። «የኔን ጉድ ተሸክማልኝ ኖራለች።» ከዚያ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን ባቄላ አንድ ላይ ወደ ጆንያው መለሱት።

እሑድ ጎረቤቶቻቸው ኮኪት የሚላኩ ሽማግሌዎች መረጡላቸው። ልማዱ ነው፤ የተጣላ ባልና ሚስት የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። አንዱ ጎረቤት ሊባል የሚገባውንም አዘጋጅቶ ነበር፤ ልጁን የጣለው ወባ ነው ይባል፣ ፉሉ አይነሣ፣ ዘርም አይነሣ፣ ሰው የዘር ነገር ከሰማ ትርንጎን ጨርሶ ይፈታታል። ምክሩ ከሞኝነት የመጣ አልነበረም። እኔም ራሴ ወይዘሮ አስረበብ እውነቱን ሰምተው ምን እንደሚሉ እርግጠኛ አልነበርሁም። እትዬ ውባለም እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ።

«ወባ ነው ካልን፣ ሲያመው የወባ ኪኒን ይሰጡታል» አሉ። «ሽማግሌ አልክም። ላቦራቶሪ፣ ነገ ሥራ አለሽ?»

በማግሥቱ አስፈቅጄ አብሬያቸው ሄድሁ። ከአንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጋር ተስማምተን ደርሶ መልስ ያዝነው። ኮኪት ማሽላ እየታጨደ ነበር። የወይዘሮ አስረበብ ግቢ ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ተሞልቷል፤ ምሳቸውን ተቀብለው በየጥላው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አስረበብ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ ጭልፋ ይዘው ሠራተኛውን በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ሰላምታችንን መለሱ። በርጩማም አቀረቡልን፤ እንግዳ ቆሞ አይስተናገድምና። እኔ ተቀመጥሁ።

«ሽማግሌ አላመጡም» አሉ ወይዘሮ አስረበብ።

«አላመጣሁም። ልታረቅ አይደለም የመጣሁ። ላስረዳ ነው።»

«ይችስ?»

«ላቦራቶሪ ናት። ስሳሳት ታርመኛለች።»

ኪሩቤል በሩ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይዟል። እትዬ ውባለምን አይቶ ሊነሣ ሲል ደረጀ ትከሻውን ያዘው። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አኮማተረ።

«የስኳር በሽታ ነው ብላችሁ አስወርታችኋል» አሉኝ ወይዘሮ አስረበብ ወደ እኔ ዞረው። «ይኸው ስኳር ነስቼዋለሁ። አልጠጣም እያለ ያስቸግረኛል።»

«የስኳር በሽታ አይደለም፣ እሜቴ» አልኋቸው። «ስኳሩን ይስጡት።»

አንድ ሠራተኛ ሊሥቅ ሲል አጠገቡ ያለው ጎሸመው።

እትዬ ውባለም ነገሩን አስረዱ። አስፋልቱን፣ የጎኑን መንገድ፣ ኬላውን በራሳቸው አነጋገር ተናገሩት፤ ልጁን የሚጎዱትን ኪኒኖችና የልብስ መድኃኒቱንም ቆጠሩላቸው። የኬላውን ሠራተኛ ሰካራም አሉት፤ እኔ ደካማ እንጅ ሰካራም እንዳልሆነ አረምሁ። «ያው ነው» አሉኝ። ወይዘሮ አስረበብ ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«እኔ መንገድ አላውቅም። እኔ ያልሁት አንድ ነገር ነው። ልጁ ከእርስዎ እጅ በልቶ ታመመ አልሁ። ሐሰት ነው?»

እትዬ ውባለም ሽርጥ አልነበራቸውም። እጃቸውን በነጠላቸው አደረቁ።

«እውነት ነው። እጄ ነው። የመጀመሪያውም አይደለም» አሉ። «ወንድም ነበረኝ፤ ታናሼ ነው። ጭልጋ እያለን፣ በእሸት ጊዜ፣ እናቴ ልጁን ጠብቂ ብላኝ ገበያ ሄደች። እርቦኛል ሲለኝ ከጓሮ እሸት ባቄላ ነቅዬ፣ ፈልፍዬ፣ ያጎረስሁት እኔ ነኝ። ሽንቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሦስት ቀንም አልቆየ። ቡዳ ነው ተባለ፤ ምች ነው ተባለ። ባቄላ ነው ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ይህች ልጅ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅሁም። ይኸ ነገር ከእናቴ ለእኔ፣ ከእኔ ለትርንጎ፣ ከትርንጎ ለኪሩቤል የመጣ ነው። ደረጀ የለበትም። እርስዎም የሉበትም። ወንድሜን ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለልጆቼም አልተናገርሁ። ይህን ለመናገር ነው የመጣሁ።»

ወይዘሮ አስረበብ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አስቀመጡ። እስኪናገሩ የቆየሁትን ያህል ጊዜ የምርመራ ውጤት ጠብቄ አላውቅም።

«መድኃኒት አለው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። ከሚጎዳው ነገር ከተጠበቀ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። አጎቶቹ አድገው እየሠሩ ነው።»

«ሌላ ቢወለድስ?»

«ወንድ ከሆነ ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል፤ ዕድሉ እኩል ነው። ሲወለድ ይመረመራል።»

ትርንጎን ስለ መመለስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እንደማይወጣቸውም የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ እልኸኛ ሰው እውነቱ ገብቶትም የተናገረውን ማጠፍ ይከብደዋል። እትዬ ውባለምም አልለመኗቸውም። በዚህ ፈንታ እንዲህ ብለው ጠየቋቸው፦

«ኮኪት ወባ አለ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ከወባ ሌላ ምን አለ ኮኪት?»

«እንግዲያ ልጁ ወባ ሲይዘው ለሐኪሙ ምን ይሉታል? የማይሰጠው ኪኒን ማን ይባላል? አሁን ነግሬዎታለሁ።»

ወይዘሮ አስረበብ አሰቡ። «ፕሪ… ፕሪማ… ኧረ የፈረንጅ ስም ለኔ!»

«ደረጀ፣ አንተስ?»

«ፕሪማ ነገር ነው» አለ ደረጀ። «ደግሞ አንድ የልብስ መድኃኒት ነበረ።»

«እኔም እዚህ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ» አሉ እትዬ ውባለም፣ ወደ እኔ እያመለከቱ። «እኔም እረሳዋለሁ። ትርንጎ ጋ ደውል።»

ደረጀ እናቱን አየ። እናቱ አልከለከሉትም። ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ትርንጎ ወዲያው አነሣች።

«ትርንጎ፣ ኪሩቤልን ወባ ቢይዘው…» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረሰችውም። «ፕሪማኩዊን እንዳይሰጡት በል! ፕሪማኩዊን። ሰልፋም ሳይጠይቁ አይስጡት። ባቄላ፣ እሸቱም፣ ክኩም፣ ባቄላ የገባበት ሽሮም አይሆንም። ልብሱ ውስጥ ናፍታሊን ካለ አውጡት። ሽንቱ ጠቁሯል? ዓይኑን እየው፤ ነጩ ቢጫ ከሆነ ወደ ገንዳ ውሃ ውሰደው፤ ደም ዓይነቱ ካንተ ጋር አንድ መሆኑን ንገራቸው፤ ደረጀ፣ ትሰማኛለህ? ልጄ ታሟል እንዴ?»

ወይዘሮ አስረበብ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከልጃቸው ወሰዱት።

«አልታመመም» አሉ። «ሻይ እየጠጣ ነው።» ወደ በሩ ዞረው ለአንዲት ልጅ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ልጅቱ የስኳሩን ጣሳ አመጣች። «ነገ በጠዋት ነይ። ይህን ኪኒን ለሁላችንም ታስጠኚናለሽ። ለሠራተኛውም ጭምር።»

ስልኩን ዘግተው ጭልፋቸውን አነሡ። ምሳ አቀረቡልን፤ ምስር ነበር። እትዬ ውባለም ተቀምጠው በሉ፤ ኪሩቤልም እቅፋቸው ውስጥ ሆኖ የእሳቸውን ጉርሻ በላ። ወይዘሮ አስረበብ ጉርሻው ከእጅ ወደ አፍ ሲሄድ ተከትለው አዩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ መተማ ዮሐንስ መንገድ ጀመርን። እትዬ ውባለም «ከነገ ጀምሮ ልጅ ይዛ የመጣችን ሴት የእናቷን ወንድሞች ሳልጠይቅ ፉል አልቀዳላትም» አሉኝ። ግማሽ መንገድ ገደማ ስንደርስ ከፊት ለፊታችን በፍጥነት የሚመጣ ባጃጅ አየን። ትርንጎ እስከ ነገ አልቆየችም ነበር። የተቋጠረ ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። እኛን አላየችንም።

ነጂያችን ፍጥነቱን ቀነሰ። «እትዬ፣ ልጅዎ ናት እኮ። ጥሩምባ ነፍቼ ላስቁማት?»

«ተዋት» አሉ። «ልጇ ዘንድ እየሄደች ነው።»